ዘርም ልጓም አለው

ደምበጫና አካባቢዋ ላም ሳዳቅል የሚቀርብልኝ ጥያቄ ሁሉ ስለ ኮርማው ነው። «የየት አገር ነው? እናቱ ስንት ሊትር ትታለባለች? ጥቁርና ነጭ ነው ወይስ ቀይ?» አባለዘሩ ያለባትን ቀጭን ቱቦ ከሚቀዘቅዝበት የናይትሮጅን ዕቃ ሳወጣ፣ ላይዋ ላይ የታተመውን የኮርማ ቁጥር ጮክ ብለህ አንብብልን የሚሉኝ አሉ። ቁጥሩን በከሰል የበረቱ መቃን ላይ የሚጽፉም አይቻለሁ። ስለ ላሟ ግን የሚጠይቀኝ የለም። እሷ እዚያው ታስራ ታመሰኳለች። ለባለቤቷ ዘሩ የሚያርፍባት መሬት ናት፣ በቃ።

«ዘር ከልጓም ይስባል» ይላል ያገሬ ሰው። እውነት ነው፣ ይስባል። ዛሬ የምጽፈው ግን ዘር ራሱ በውስጡ ትንንሽ አር ኤን ኤ የሚባል ልጓም እንዳለው፣ ያንን ልጓም በማጥለቅ በኩል ደግሞ እናት እኛ ከምንሰጣት ግምት በላይ ድርሻ እንዳላት ነው።

«አንተ ሥራህ ማዳቀል ነው፤ ይኼ ምን ያደርግልሃል?» የሚለኝ ጓደኛ አለኝ። መልሴ ቀላል ነው። መንገድ ሲዘጋ ናይትሮጅን አይመጣም፤ ናይትሮጅን ካልመጣ ሥራ የለም። ኔትወርክም ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይጠፋል። በመጣ ጊዜ ያወረድኩትን በጠፋ ጊዜ አነባለሁ። ትንንሽ አር ኤን ኤዎች ውስጥ የገባሁት እንዲህ ነው፤ ከገባሁ በኋላ መውጣት አቃተኝ።

ትምህርት ቤት የተማርነው ዲ ኤን ኤ ይገለበጣል፣ ግልባጩ አር ኤን ኤ ይባላል፣ ከግልባጩ ፕሮቲን ይሠራል የሚለውን ነው። ይህ ልክ ነው፣ ግን ጎደሎ ነው። ፕሮቲን የማይሠራባቸው፣ ርዝመታቸው ከ20 እስከ 30 ፊደል ገደማ የሆነ (ፊደል የምለው አር ኤን ኤ የሚሰካካበትን አንዱን የኬሚካል ቅንጣት ነው) ቅንጥብጣቢ አር ኤን ኤዎች አሉ። ለፕሮቲን የሚሆነው ግልባጭ ብዙውን ጊዜ በሺህ የሚቆጠር ፊደል ስላለው፣ እነዚህ ከእሱ አጠገብ ሲታዩ ከቁጥር የሚገቡ አይመስሉም። ለብቻቸውም አይሠሩም። አርጎኖት የሚባል ቤተሰብ አባል የሆነ ፕሮቲን ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ከዚያ ፊደላቸው የሚገጥመውን ሌላ አር ኤን ኤ ፈልገው ያገኙታል። የተሸከማቸው ፕሮቲን ያንን አር ኤን ኤ ወይ ይቆርጠዋል፣ ወይ እንዳይነበብ ያግደዋል፣ አለዚያም ወደ ዲ ኤን ኤው ሄዶ ጂኑን ከምንጩ እንዲዘጋ ያደርጋል።

የመጀመሪያዋን ቪክቶር አምብሮስና ጋሪ ሩቭከን ናቸው ያወጧት። እ.ኤ.አ. በ1993 አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ርዝመት ባላት ትል ላይ 22 ፊደል የምታህል አር ኤን ኤ የሌላ ጂንን ሥራ ስትገታ አሳዩ። ለብዙ ዓመት የትል ጉዳይ ተብሎ ታለፈ፤ የኖቤል ሽልማቱ የመጣው በ2024 ነው። በ1998 ደግሞ አንድሪው ፋየርና ክሬግ ሜሎ እዚያችው ትል ውስጥ ድርብ አር ኤን ኤ ሲወጉ አቻው ጂን ዝም አለ። እነሱ ቶሎ ተሸለሙ፣ በ2006። እኔን የያዘኝ ከሽልማቱ ይልቅ የተወጋችበት ቦታ ነው። መርፌው የገባው ትሏ የዘር ህዋስ የምትሠራበት አካል ላይ ነበር፣ ውጤቱም ልጆቿ ላይ ታየ።

ለምን ጉዳዩ የዘር ህዋስ ላይ እንደሚከር ለመረዳት ስለ ዘላይ ጂኖች ማውራት ግድ ነው። ቡሬና ሜጫ በቆሎ አገር ስለሆነ በበቆሎ ልጀምር። ነጩን ምርጥ ዘር ተዉትና፣ ጓሮ የሚበቅለውን ባለ ቀለሙን በቆሎ ልጣችሁ ስታዩ አንዳንዱ ፍሬ ዥጉርጉር ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ፈዛዛው ገጹ ላይ ወይን ጠጅ ነጠብጣብ ተረጭቶበታል። ባርባራ ማክሊንቶክ አሜሪካ ውስጥ በ1940ዎቹ እንዲህ ዓይነቱን ፍሬ እያገላበጠች ነው፣ ከቦታ ቦታ የሚዘል የዲ ኤን ኤ ቁራጭ አለ ያለችው። ቁራጩ የቀለም ጂን ውስጥ ሲገባ ፍሬው ቀለም ያጣል፤ ፍሬው እያደገ ሳለ ተነቅሎ ሲወጣ፣ ከዚያ ህዋስ የተባዙት ብቻ ቀለማቸው ይመለሳል። ነጠብጣቡ የዚያ ነው። ለዚህ ሥራዋ ኖቤል የተሰጣት በ1983 ነው፤ ሴትዮዋ ያኔ ሰማንያ ዓመት አልፏት ነበር።

ዘላዮቹና የእነሱ ቅሪት ከሰው ዲ ኤን ኤ ግማሽ የሚጠጋውን ይይዛሉ። ፕሮቲን የሚሠራበት ክፍል 2 በመቶ አይሞላም። ላምም ከዚህ አትለይም፤ እንዲያውም የላሟ ነገር ይብሳል። ቦቭ ቢ የሚባል ዘላይ አለ። እሱና ከእሱ የወጡት ቁርጥራጮች የላምን ዲ ኤን ኤ ሩብ ያህል ይሸፍናሉ። ይኸው ቦቭ ቢ እባብና እንሽላሊት ውስጥም ይገኛል፤ ተመሳሳይነቱ ደግሞ ከጋራ ቅድመ አያት የመጣ ነው እንዳይባል ከሚገባው በላይ ነው። በ2013 የወጣ ጥናት እንስሳ ላይ የሚጣበቁ መዥገሮች ውስጥም አግኝቶታል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ያሻገሩት እነሱ ሳይሆኑ አይቀሩም ተብሎ ይታሰባል። «ንጹህ ዘር» እየተባለ በውድ ዋጋ የሚሸጠው ኮርማ ሩብ አካሉ የእባብ ዘመድ መሆኑን ገበያ ላይ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ጠብ ይነሳል።

ዘላይ ጂን የቆዳ ህዋስ ውስጥ ቢዘል ጉዳቱ ከእንስሳው ጋር ይሞታል። ስፐርም ወይም እንቁላል ውስጥ ከዘለለ ግን ለልጅ፣ ለልጅ ልጅ ይተላለፋል። ችግሩ እዚህ ላይ አያበቃም። ዘላዮቹን ዘግቶ ከሚይዛቸው ነገር አንዱ ዲ ኤን ኤው ላይ የሚለጠፍ የኬሚካል ምልክት ነው። ሽሉ ገና ማህፀን ውስጥ እያለ፣ ወደፊት ስፐርም ወይም እንቁላል የሚሆኑት ህዋሶች ይህንን ምልክት አብዛኛውን ይጠርጉታል። ለአዲስ ትውልድ ሲባል ሰሌዳው መጥራት አለበት። ሰሌዳው ሲጠራ ግን ዘላዮቹም ይፈታሉ። ጥበቃ በጣም የሚያስፈልግበት ሰዓት ያ ነው።

እዚያ ላይ የሚደርሱት ፓይ አር ኤን ኤዎች ናቸው። በ2006 የተለያዩ ቡድኖች በአንድ ዓመት ውስጥ ከአይጥ ቆለጥ አወጧቸው። ከሌሎቹ ትንንሾች ረዘም ይላሉ፣ ከ24 እስከ 31 ፊደል ነው ርዝመታቸው። የሚቀመጡበት ፕሮቲን ፒዊ ይባላል፤ ከአርጎኖት ቤተሰብ ነው፣ መኖሪያው በአብዛኛው የዘር ህዋስ ነው።

ምንጫቸው የሚገርም ነው። ዲ ኤን ኤው ላይ የሞቱ የጥንት ዘላዮች ቁርጥራጭ ተቆልሎ የተቀመጠባቸው ቦታዎች አሉ። ከዚያ ቁልል ረጅም አር ኤን ኤ ይገለበጣል፣ ይከተፋል፣ እያንዳንዱ ክታፊ አንድ ፒዊ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ በሕይወት ያለ ዘላይ ራሱን ሊያባዛ ግልባጭ ሲያወጣ፣ ግልባጩ ከክታፊው ጋር ይገጥምና ይቆረጣል። የፍራፍሬ ዝንብ ላይ ፍላሜንኮ የሚባለው የኤክስ ክሮሞሶም ክፍል ዋነኛው ምሳሌ ነው። ጂፕሲ የሚባለውን ዘላይ እንደሚገታ ፈረንሳዮች ቀድመው ደርሰውበት ነበር፤ እንዴት እንደሚገታ ግን አልታወቀም፤ ቦታው ሲመረመር ውስጡ ምንም ፕሮቲን የሚሠራ ጂን አልነበረም። ለዓመታት ግራ አጋብቶ፣ ቁልል መሆኑ የታወቀው በ2007 ነው።

በዚያው ዓመት ሌላም ነገር ተገኘ። ዘላዩ ሲቆረጥ የወጣው ቁራጭ አይጣልም። እሱ ራሱ ሌላ ፒዊ ውስጥ ገብቶ ፓይ አር ኤን ኤ ይሆንና የቁልሉን ግልባጭ ይቆርጣል፤ ከዚያኛው የሚወጣው ቁራጭ መልሶ ዘላዩን ይቆርጣል። ሁለቱ ወገኖች እየተቀባበሉ ይባዛሉ። ማስረጃው ፊደል ላይ ነው፤ ጥንዶቹ ሲደረደሩ በትክክል በ10 ፊደል ይደራረባሉ። ዘላዩ ራሱን ለማባዛት በተጋ ቁጥር የሚቆርጠውንም አብሮ ያባዛል ማለት ነው። ወንድ የአይጥ ሽል ውስጥ ደግሞ ፒዊዎቹ ወደ ዲ ኤን ኤው ሄደው የተጠረገው ምልክት በዘላዮቹ ላይ እንደገና እንዲለጠፍ ያደርጋሉ። መቁረጡ የዕለት ሥራ ነው፤ ይኼኛው ግን የዕድሜ ልክ ነው።

አሁን ወደ እናት ልምጣ፤ ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለዚች ነው።

በ1970ዎቹ ዝንብ የሚያዳቅሉ ሰዎች (ያው የሙያ ወንድሞቼ ናቸው) አንድ የማይገባ ነገር ገጠማቸው። ከዱር የተያዘ ወንድ ዝንብ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ለብዙ ዘመን ከተራባች ሴት ዝንብ ጋር ሲዳቀል፣ በተለይ ሙቀቱ ከፍ ካለ፣ ልጆቹ መካን ሆኑ። ሴቶቹ ልጆች ሲከፈቱ እንቁላል የሚያመርተው አካላቸው ጭርሱን አላደገም። ማዳቀሉ ሲገለበጥ፣ ማለትም ሴቷ ከዱር ወንዱ ከላቦራቶሪ ሲሆን፣ ልጆቹ ጤነኛ ሆኑ። ልብ በሉ፤ በሁለቱም በኩል ሴት ልጆቹ የሚወርሱት ጂን አንድ ነው። የተቀየረው ማን እናት ማን አባት መሆኑ ብቻ ነው።

ጥፋተኛው ፒ የሚባል ዘላይ ነበር። የዱር ዝንቦች ይህን ዘላይ ያገኙት በሃያኛው ክፍለ ዘመን ውስጥ፣ ከሌላ የዝንብ ዝርያ ነው። የላቦራቶሪዎቹ ዝንቦች ቀድመው ስለተያዙ አመለጡት። የዱር ሴት ዝንብ ዘላዩም አለባት፣ ዘላዩን የሚገታ ፓይ አር ኤን ኤም ታመርታለች። እንቁላሏን ስትሠራ ፓይ አር ኤን ኤውን ከነፒዊው እንቁላሉ ውስጥ ትሞላዋለች። ጽንሱ ገና ከመጀመሩ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ወንዱ በስፐርሙ ዘላዩን ያመጣል፤ መከላከያውን ግን በሚበቃ መጠን አያመጣም። ስለዚህ መከላከያ የሌላት እናት እንቁላል ውስጥ ሲገባ ዘላዩ ይፈነጫል። የእናቲቱ ፓይ አር ኤን ኤ ውርስ መሆኑ በጥናት የተረጋገጠው በ2008 ነው፤ እንቆቅልሹ ከታየ ከሠላሳ ዓመት በኋላ።

ከዚህም የሚበልጥ አለ። በ2011 የወጣ ሥራ እነዚያን መካን የተባሉ ሴት ዝንቦች እያረጁ ሲሄዱ ተከታተላቸው። አንዳንዶቹ ዕድሜ ሲገፋ መውለድ ጀመሩ። ከአባት የመጣውን ዘላይ የሚገታ ፓይ አር ኤን ኤ ራሳቸው ማምረት ችለው ነበር።

ይህን ያነበብኩ ሰሞን ዓይኔ ሁሉ ወደ ሥራዬ ዞረ። እኛ አገር ማዳቀል ሁልጊዜ ባንድ አቅጣጫ ነው፤ አባት የውጭ፣ እናት ያገር። ግን ሰው እንዳይሳሳት ልናገር፤ የፍራፍሬ ዝንቡ ነገር በላሞቻችን ይደርሳል እያልኩ አይደለም። የውጭው የሆልስታይንና ያገራችን የፎገራ ድቅል ጊደር መካን አይደለችም፤ ስንቷን አዳቅዬ ስንቷ ወልዳለች። ከባህር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ያለው የአንዳሳ ምርምር ማዕከል የፎገራን ዘር ይዞ ሲሠራ የኖረ ነው፤ ድቅሎቹ መውለዳቸው አዲስ ነገር አይደለም።

ላሟ ውስጥ ግን ነገሩ አለ። ለረጅም ጊዜ ፓይ አር ኤን ኤ የወንድ ጉዳይ ነው ሲባል የኖረው ተመራማሪው ሁሉ አይጥ ላይ ስለሚሠራ ነበር። ፒዊ የጠፋበት ወንድ አይጥ ስፐርሙ መንገድ ላይ ቆሞ ይቀራል፣ መካን ይሆናል፤ ሴቷ ግን ትወልዳለች። ስለዚህ «አጥቢ እንስሳት ላይ እንስቷን አያስፈልጋትም» ተባለ። በ2015 የላም፣ የዝንጀሮና የሰው እንቁላል ሲታይ ግን ፓይ አር ኤን ኤ ሞልቶ ተገኘ። አራተኛ ፒዊ አለ፣ ሦስት ቁጥር የሚሉት፤ ላምም ሰውም አላቸው፣ አይጥ ግን አጥታዋለች። ቀጥሎ በ2021 ተመራማሪዎች ወርቃማ ሃምስተር የምትባለውን አይጥ መሳይ ይዘው ፈተኑት። እሷ አራቱም አሏት። አንደኛውን ፒዊ ሲያጠፉባት ሴቶቹ መካን ሆኑ፤ ጽንሱ ሁለት ህዋስ ላይ ቆመ። አንድ እንስሳ ለላቦራቶሪ ስለተመቸ ብቻ ለሁሉም ይናገራል ሲባል ምን እንደሚከተል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። እኔ በበኩሌ በዚህ ጉዳይ ላም ከአይጥ ይልቅ ለሰው መቅረቧ ደስ ብሎኛል።

የወንዱንም ጨርሼ አልጣልኩትም። ሥልጠና ላይ አጉሊ መነጽር ሥር የቀለጠ አባለዘር ስናይ የተነገረን እንቅስቃሴውን እንድንመለከት ነው። ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ የሚዋኝ ጥሩ ነው፤ ባለበት የሚሽከረከር አይረባም። በ2020 የታተመ የአይጥ ሥራ ይህን ያወሳስበዋል። ስድስተኛው ክሮሞሶም ላይ ያለ አንድ የፓይ አር ኤን ኤ ቁልል ብቻ እንዳይገለበጥ ሲደረግ ወንዱ ስፐርም ያመርታል፣ ቁጥሩም አይጎድልም። እንቁላሉን የሚከበውን ሽፋን ግን ስፐርሙ በስቶ መግባት ያቅተዋል። ሽፋኑ ተገፍፎ ሲቀርብለት ይገባል። ይህ ቁልል ዘላይ ለመግታት የተቀመጠ አልነበረም፤ የራሱን የእንስሳውን ጂኖች ግልባጭ ነው የሚመጥነው። የአዋቂ ወንድ ቆለጥ ውስጥ ካሉት ፓይ አር ኤን ኤዎች አብዛኛው ከዘላይ ጋር አይገጥምም፤ ሥራቸው ምንድን ነው የሚለው እስካሁን ያጨቃጭቃል።

ዶሮ ላይም አለ፤ የጥሊሊ አውራ ዶሮ ለሚያረቡ ወዳጆቼ ልጥቀሰው። የዶሮ ሉኮሲስ ቫይረስ ራሱን ዲ ኤን ኤ ውስጥ የሚሰካ ነው። በ2017 እንደተጻፈው፣ ሌግሆርን ዶሮ ውስጥ ተሰክቶ የቀረ የዚህ ቫይረስ ቁራጭ ፓይ አር ኤን ኤ ማምረቻ ሆኖ ቫይረሱን ራሱን ይገታል።

«ሴት ጥጃ አድርግልኝ» የሚሉኝ እናቶች ደግሞ የሐር ትልን ቢያውቁ ይቀኑ ነበር። ላም ላይ ጾታውን የሚወስነው የኮርማው ስፐርም ነው፤ እኔ ምንም አላደርግም። የሐር ትል ላይ ግን ወሳኙ ክሮሞሶም ያለው በእናት በኩል ነው። እዚያ ክሮሞሶም ላይ ካለ ቁራጭ የምትወጣ አንዲት ፓይ አር ኤን ኤ ወንድ የሚያደርገውን ግልባጭ ትቆርጠዋለች፣ ሽሉ ሴት ይሆናል። በ2014 ነው የታወቀው።

አንድ የቀረኝ የአባት መኖ ነው። ስፐርም ከቆለጥ ሲወጣ ገና ጥሬ ነው፤ የሚበስለው ቆለጡ ላይ በተጠመጠመው ረጅም ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ ነው። በ2016 የወጡ ሁለት የአይጥ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ቲ አር ኤን ኤ የሚባለው (ፕሮቲን ሲሠራ ግብዓት የሚያቀብለው) አር ኤን ኤ ስባሪ የሆኑ ትንንሽ አር ኤን ኤዎች ስፐርሙ ውስጥ ይገኛሉ፤ ከአንደኛው እንደታየው ብዙዎቹ የሚገቡት ከዚያ ቱቦ ነው። አባትየው ፕሮቲን ያነሰው ወይም ስብ የበዛበት መኖ ሲበላ መጠናቸው ይለወጣል። ሁለተኛው ጥናት ስብ ከበላው አባት ስፐርም እነዚህን አውጥቶ ጤነኛ ጽንስ ውስጥ ሲወጋቸው፣ ልጆቹ ስኳር የሚጠቀሙበት ሁኔታ ተዛባ። ይህን ስሰማ ስለ ኮርማ አቀላብ ብዙ ማውራት አማረኝ፤ ግን የአይጥ ውጤት ይዞ ገበሬ ደጅ መቆም ነውር ስለሚመስለኝ ተውኩት።

እዚህ ድረስ ያነበበ ሰው «ታዲያ ላሜ ሦስት ጊዜ ደግማ ኮርማ የፈለገችው በፓይ አር ኤን ኤ ነው?» ብሎ ሊደውልልኝ ይችላል። አይደለም ጋሼ። ቡሬም ደምበጫም ላሞች የማይዙት በአብዛኛው ሰዓቱ ስለሚያልፍ፣ ስለሚከሱ ወይም የማህፀን ችግር ስላለባቸው ነው። እኔም ቱቦዋን በ35 እና በ37 ዲግሪ መካከል ባለ ውኃ በአግባቡ ካላቀለጥኩ የትም ያለ ኮርማ አያድናትም። ጠዋት ኮርማ ስትፈልግ ካያችኋት ከሰዓት በኋላ ልድረስ፤ ማታ ከሆነ በማግስቱ ጠዋት። ስትደውሉም ላሟ ስንት ጊዜ እንደወለደች፣ ስንት ወር እንደታለበች ንገሩኝ፤ መዝገቤ ላይ ለእሷም ቦታ አበጅቻለሁ።